የእትዬ ፋጡማ መብራት

ባለፈው እሑድ ልጄ ለሳሎናችን አዲስ መብራት ገዝቶ መጣ። ደሴ ላይ ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ስምንት ሰዓቱ የመሸ ይመስል ነበር። ልጄ ስልኩን እየነካካ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ቆየና "እማዬ፣ ላንቺ ምን ያህል ይሁን?" አለኝ። ቀላል ጥያቄ ነው። እኔ ግን መልሱን ትቼ በሐሳብ ወደ ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ወደነበረች አንዲት አልጋ ሄድኩ።

ያኔ በኤሌክትሪክ ሙያ ከተመረቅሁ ጥቂት ወራት ቢሆነኝ ነው። በር አንኳኩቼ ስገባ "ሠራተኛው የታል?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነበር። አባቴ የቤተ ክርስቲያናችን ምዕመናን ሥራ ያገኙልኛል ብሎ ሲጠብቅ፣ የመጀመሪያው የብቻዬ ሥራ የመጣው ካላሰብነው በኩል ሆነ። በወጣትነቱ አብረውት ፋብሪካ የሠሩት ጋሽ ሰይድ ከኮምቦልቻ ደውለው "ልጅህ መብራት ታውቃለች አሉ፤ እስቲ ላክልኝ" አሉት።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ልብስ እያወለቀ ነው የሚወርደው። የሐረጎን ቁልቁለት ስንጨርስ ሹራቤ ጉልበቴ ላይ፣ የመሣሪያ ቦርሳዬ ደግሞ እግሬ ሥር ነበር። የመስከረም መጀመሪያ ነው። መንገድ ዳር እሸት በቆሎ እየጠበሱ የሚሸጡ ሴቶች ተደርድረዋል፤ ጭሱ በሚኒባሱ መስኮት ይገባል። ርቦኝ ነበር፤ ግን ስለ ሥራው እያሰብኩ ሳልገዛ አለፍኩ።

ጋሽ ሰይድ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ባለቤታቸውን እትዬ ፋጡማን ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ ጎናቸው መታዘዝ ካቆመ፣ አንደበታቸው ከተያዘ ስድስት ወር ሆኗል። በጀርባቸው ስለሚተኙ የጣሪያው አምፖል ዓይናቸውን ይወጋቸዋል። ሲያጠፉላቸው ደግሞ ክፍሉ አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ስላለችው ቀንም ጨለማ ነው። አብሩልኝ፣ አጥፉልኝ ብለው እንዳይጣሩ ድምፅ የላቸውም።

"ምግብ ሲቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀምራለች" አሉኝ ጋሽ ሰይድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ወላሂ ምን እንደከፋት አላወቅሁም።"

ጅዳ የምትሠራው ልጃቸው ብርሃን የሚቀንስና የሚጨምር ዲመር ከነሪሞቱ ልካላቸዋለች። መመሪያው ቤቱ ውስጥ ማንም በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ እኔም አላነበብኩትም። ስዕሉን እያየሁ ገመዱን አገናኘሁ። ቆጣቢ አምፖሉ ብርሃኑ ሲቀነስበት እንደ ታመመ ዓይን ይርገበገባል። ይህን ጠርጥሬ ከደሴው ሰኞ ገበያ የድሮውን ባለ ክር አምፖል ገዝቼ ስለነበር እሱን ተካሁ። የቀረው ለሪሞቱ አራት ቁልፎች ለእያንዳንዳቸው ሥራቸውን ማስተማር ነው። ጣሪያው ላይ ባሰርኩት ሳጥን ጎን ትንሽ መጫኛ አለች። እሷን ተጭኖ ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል የሪሞቱን ቁልፍ መንካት ነው፤ ሁለቴ ብልጭ ካለች ተምሯል ማለት ነው። ይህ የገባኝ ግን መሰላል ላይ ስወጣና ስወርድ ግማሽ ቀን ከፈጀሁ በኋላ ነበር።

ምሳ ቀረበ። "ሽሮ ነው፣ ሥጋ የለበትም፤ አብሽሪ፣ ብዪ" አሉኝ ጋሽ ሰይድ።

እየበላሁ የቁልፎቹን ተራ ጠየቅኋቸው። አሰብ አደረጉና "ማብሪያው ከላይ ይሁን፤ ቀጥሎ ማድመቂያው፣ ቀጥሎ ማደብዘዣው፣ ማጥፊያው ከታች" አሉ። ለኔም ያማረ ተራ መሰለኝ። እንዳሉኝ አድርጌ ሪሞቱን በእትዬ ፋጡማ ግራ እጅ ላይ አኖርኩላቸው። አዩት፣ አዩኝ፣ ብርድ ልብሱ ላይ ለቀቁትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ጋሽ ሰይድ "ተይው ልጄ፣ ደክሟት ነው" አሉኝ። ዕቃዬን ሰብስቤ በሩ ጋ ስደርስ ግን ዞር ብዬ አየሁ። የእትዬ ፋጡማ እጅ ሪሞቱን መልሶ ይዞታል። አውራ ጣታቸው የታችኛውን ቁልፍ ይጫናል፣ ይለቃል፣ ይጫናል። ወደ ላይኞቹ ሊወጣ ይሞክርና መንገድ ላይ ይቀራል።

ማብሪያውን የማይደርሱበት ቦታ አስቀምጬባቸው ነበር። ጧት ከገባሁ ጀምሮ ደግሞ እሳቸውን አንድም ነገር አልጠየቅኋቸውም።

ተመልሼ አልጋው አጠገብ ተንበረከክሁ። "እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። የቱ ይቀልዎታል?" አልኳቸው። ፊታቸውን ወደኔ መለሱ። ከዚያ የታችኛውን ተጫኑ፤ ቀጥሎ ጣታቸውን እየጎተቱ ከሱ ከፍ ያለውን ነኩ። በቃ፣ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። እንደገና መሰላል ላይ ወጣሁ። የታችኛው አንዴ ሲነካ እንዲያበራና እንዲያጠፋ፣ ሁለተኛው እሳቸው የመረጡትን ብርሃን እንዲያመጣ አደረግሁት።

ለመምረጥ ብርሃኑን ቀስ እያልኩ ዝቅ አደረግሁ። "ሲበቃዎ ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ" አልኳቸው። እኔ ይበቃል ካልኩት ቦታ አለፈ፤ ጋሽ ሰይድ "ይቺ ደግሞ ምን ታሳያለች?" እስኪሉ ድረስ ወረደ። ያን ጊዜ ጨፈኑ። ሲገልጡ ያዩት አምፖሉን አልነበረም፤ በሩን ነው። ጋሽ ሰይድ የሚያዩበትን ተከትለው ዞሩና "ለካ በዚያ ብርሃን ማን እንደሚገባ አይታይሽም ነበር" አሉ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና የባለቤታቸውን ቀኝ እጅ ያዙ። እትዬ ፋጡማ በሌላው እጃቸው መብራቱን አጠፉ፣ አበሩ፣ አጠፉ፣ አበሩ። ከፊታቸው ግማሹ ብቻ ነበር የሚታዘዛቸው፤ በሱ ሳቁ።

ከወራት በኋላ ጋሽ ሰይድ ደወሉልኝ። መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። "ምግቡንም እየበላች ነው፣ አልሃምዱሊላህ" አሉኝ። "ትናንት ጠያቂዎች መጥተው ወሬ አበዙ። ብርሃኑን ዝቅ አደረገችባቸው። እየተያዩ ተነሥተው ሄዱ።" ከጀርባቸው እንደ ሳቅ ያለ ድምፅ ሰማሁ።

እትዬ ፋጡማ አራት ዓመት ኖሩ፤ ጋሽ ሰይድም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሏቸው። እኔ እስከ ዛሬ በዚሁ ሙያ ነኝ። ጉልበቴ መሰላሉን ጠልቷል እንጂ ሥራው አልሰለቸኝም። ሰው ከታመመበት ቤት ስጠራ ቤተሰቡ ተሽቀዳድሞ ያስረዳኛል፤ ከክፋት ሳይሆን ከመጨነቅ ነው። ሁሉንም እሰማለሁ። ከዚያ ቦርሳዬን ሳልከፍት ወንበር እስብና ከተኛው ሰው አጠገብ እቀመጣለሁ።