ሲስተር ሮማነወርቅና የደሊል ጾም

ነገሩ የሆነው ሚያዝያ 1979 ዓ.ም. ነው። ነው ልበል እንጂ እርግጠኛ አይደለሁም፤ 1980ም ሊሆን ይችላል። ምልክቴ ፋሲካ ባለፈ ሰሞን የሙስሊሞች ጾም መግባቱ ነበር፤ በኋላ ሳጣራ ግን በሁለቱም ዓመት እንደዚያው ሆኗል። ብቻ ናዝሬት በሙቀት የምትቀቀልበት ወር ነበር። እኔ ገና ወጣት የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ፤ ከሲስተር ሮማነወርቅ ዘገዬ ጋር በአንድ ግቢ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር።

ሮማነወርቅ የአርሲ ነገሌ ልጅ ናት። አባቷ ከመንዝ ተቀይሮ የመጣ ፖሊስ ነበር፤ ኦሮምኛን የለመደችው በእህል ገበያው አካባቢ ከልጆች ጋር ስትጫወት ነው። ነርስ ሆና ለዓመታት ወለንጪቲ ሠርታለች። እዚያ ሳለች ዘመዶቻቸው በገመድ አስረው በጋሪ የሚያመጧቸውን ሕሙማን ታይ ነበር።

«ቁስል ቢሆን አጥባለሁ፤ ወባ ቢሆን ክኒን አለ» ብላኛለች አንድ ቀን። «ለእነዚህ ግን ገመዱን አላልቼ ከመመለስ በቀር የምሰጠው አልነበረኝም።»

አዲስ አበባ ለነርሶች የአእምሮ ሕክምና ሥልጠና እንደሚሰጥ ስትሰማ ማንንም ሳታማክር አመለከተች። ከሥልጠናው ሁሉ ደጋግማ የምታወራው በጠርሙስ ተቀምጦ ስላየችው የሰው አንጎል ነበር። «ያ ሁሉ ፍቅር፣ ያ ሁሉ ጠብ እዚህች ውስጥ ነው? ብዬ ተናደድኩ» ትል ነበር እየሳቀች። «ቢያንስ ትንሽ ያምራል ብዬ ነበር።»

ናዝሬት ስትመደብ የሰጧት ክፍል የባልዲና የመጥረጊያ ማስቀመጫ የነበረ ነው። ባልደረቦቿ «የእብዶች ሲስተር» አሏት፤ እሷም አቤት አለች።

ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎቿ አንዱ ጋሪ ነጂው ደሊል ነበር። ሕመሙ ሲነሳበት እንቅልፍ ያጣል፤ የሌለ ድምፅ ይሰማል፤ ፈረሱን ይዞ ይጠፋል። ቤተሰቡ ወደ እሷ ያመጡት ከአልጋ ጋር በሰንሰለት አስረውት ከከረሙ በኋላ ነው። ክኒን ሲጀምር ተኛ፤ መተኛት ሲጀምር ወደ ራሱ ተመለሰ። ሰንሰለቱ ተፈታለት፤ ጋሪውንም ያዘ። ክኒኑ ከተቋረጠ ግን ሕመሙ ሊመለስበት እንደሚችል ሮማነወርቅ ለእናቱ ለአደ ቀመሪያ ነግራቸው ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ወደ ቀበሌ ስብሰባ ልንሄድ ስንወጣ አደ ቀመሪያን በር ላይ አገኘናቸው። ሰላምታውን እንኳ በወጉ አልጨረሱም።

«አካም ቡልቴ፣ ሲስተር። ልጄ መተኛት ትቷል። አጎቱ ሰንሰለቱን አውጥቶታል።»

«ክኒኑን እየዋጠ ነው?»

«ከምግብ በኋላ ስጪው አላልሽኝም? ጾም ነው እኮ። በቀን ምን ምግብ አለና?»

«ጾሙ ከገባ ጀምሮ አልሰጡትም ማለት ነው?»

«እንዳልሽኝ ነው ያደረግሁት፣ ልጄ።»

ሮማነወርቅ መሬት መሬት አየች። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ቀስ ብላ። «የታመመ አይጾምም ብዬ ሳልጠይቅ ቀረሁ።»

«ስብሰባውስ?» አልኳት መራመድ ስትጀምር።

«አንተ ሂድና በእኔም ፈንታ አጨብጭብ።»

እኔም ስብሰባውን ትቼ ተከተልኳት።

ደሊል ግቢያቸው ውስጥ ፈረሱ አጠገብ ቁጢጥ ብሏል። ከንፈሩ ደርቋል፤ ዓይኑ አንድ ቦታ አያርፍም። አጎቱ ሰንሰለቱን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ቆሟል።

«ጠልተነው አይደለም፣ ሲስተር» አለ አጎቱ። «ባለፈው ከአሰብ የሚመጣ ከባድ መኪና ሥር ሊገባ ሲል ነው የያዝነው።»

ሮማነወርቅ ደሊል ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች። «ደሊል፣ የታመመ ሰው እንዲጾም አይገደድም፤ አይደል?»

«አይገደድም።»

«ታዲያ?»

«እብድም አይገደድም» አለ። «ዓምና ሰፈሩ ሁሉ ሲጾም ለእኔ በጠራራ ፀሐይ ምሳ ይቀርብልኝ ነበር። ልጆች በአጥር አጮልቀው እያዩ ይስቃሉ። ዘንድሮ እንኳ ከሰው ተቆጥሬ ልጹም።»

አደ ቀመሪያ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ሮማነወርቅ ተቸገረች። ጹም ብትለው መድኃኒቱ ሊቀር ነው፤ አትጹም ብትለው ደግሞ ዳግመኛ እብድ ነህ ማለቷ ነው።

«እሺ፣ ጹም» አለችው በመጨረሻ። «ስታፈጥር ቴምሩን ቀምሰህ፣ ሾርባህን ጠጥተህ ክኒኑን ትውጣለህ። ሌሊት ለሱሁር ልትበላ ስትነሳ ደግሞ የቀረውን። የሦስት ጊዜውን ለሁለት እናደርገዋለን፤ ነገ ለዶክተሩ እነግረዋለሁ። ማታ ማታ ውኃ በደንብ ጠጣ። እንቅልፍ እምቢ ካለህ ግን ጾሙን ታቋርጣለህ። ተስማማን?»

«ሰንሰለቱስ?»

ወደ አጎቱ ዞረች። «እስከ ዓርብ ስጡኝ።»

«ቢጠፋስ?»

«ቢጠፋ እኔን እሰሩኝ።»

«አንቺንማ ማን ችሎሽ» አለና ሰንሰለቱን አንስቶ ወደ ቤት ገባ።

በዚያ ሳምንት ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ እነ ደሊል ቤት ትሄድ ነበር፤ አብራቸው አፍጥራ፣ ክኒኑ ሲዋጥ አይታ ትመለሳለች። ግቢ ውስጥ ስንገናኝ ቀልዷ ሁሉ ጠፍቷል። ሐሙስ ጠዋት አደ ቀመሪያ መጥተው አነጋገሯት። እሳቸውን ሸኝታ ስትመለስ «ተኝቶ አደረ» አለችኝና ገብታ በሯን ዘጋች። የዚያን ቀን ወደ ሥራ የሄደችው ረፍዶባት ነው።

ደሊል ጾሙን ጨረሰ። ከዚያ በኋላ በዚያች የባልዲ ክፍል ለሚቀርብ ሰው ሁሉ፣ ክርስቲያን ቢሆን እስላም፣ ክኒን ከመስጠቷ በፊት የምትጠይቀው ስለ ጾሙ ሆነ፤ መቼ እንደሚጾም፣ ስንት ሰዓት እንደሚበላ።

ሰኔ ላይ ጥሪ መጣባት። ከግንባር የሚመለሱ ወታደሮች እንቅልፍ እያጡ፣ በባዶ ሜዳ እየጮኹ ነው ተባለ፤ እንደ እሷ የሠለጠነ ነርስ ሰሜን ላለ የጦር ሆስፒታል ተፈለገ። እምቢ የሚባልበት ዘመን አልነበረም።

ከዚያች እሑድ ጀምሮ ልጠይቃት ያሰብኩት አንድ ነገር ነበረኝ። «እስከ ዓርብ ስጡኝ» ስትል የተማመነችው በመድኃኒቱ ነው ወይስ በደሊል? ዛሬ ነገ ስል ሰንብቼ፣ የተማሪዎች ፈተና ሳርም ውዬ ስመለስ የደሊልን ጋሪ ግቢያችን በር ላይ አገኘሁት። ሻንጣዋ ተጭኗል፤ እሷም ከኋላ ተቀምጣለች።

«ተማሪዎቹን አትጣላቸው» አለችኝ።

«ሮማነወርቅ፣ አንድ ነገር...»

«አስተማሪ፣ አውቶቡሱ አይጠብቀንም» አለ ደሊል። ልጓሙን ሳብ አደረገ፤ ጋሪው ወደ አስፋልቱ ታጠፈ።