በመደርደሪያው ላይ የነበረው ብርጭቆ

በአክብሮት ዶኛ የምንላቸው ዞይላ በከተማችን ሆስፒታል ሠላሳ አራት ዓመት ያዋለዱ፣ እኔንም እየተቆጡ ሥራ ያስተማሩ ነርስ ናቸው። ጡረታ በወጡ በዓመቱ ከባሕር ማዶ የመጣ የሥልጠና መጽሐፍ ለእኛ ሆስፒታል እንዲያስማሙት ተሰጣቸው፤ ሳይተነፍስ የተወለደን ሕፃን ስለማዳን የሚያስተምር ነው። ዋና ከተማችን ኪቶ ያሉ ሰዎች ወደ ስፓኒሽ መልሰውታል፤ ቋንቋው እንከን አይወጣለትም። ግን ሥዕሉ ላይ ያለው ማሞቂያ አልጋ እኛ ጋ የለም። እዚያ ሐኪም በደወል ይጠራል፤ የእኛው ምሳ ላይ ከሆነ ሰው ተልኮበት ነው የሚመጣው። ዶኛ ዞይላ ይህን ሁሉ ለእኛ እንዲሆን አድርገው እያስተካከሉ ሄዱና ስለ መጀመሪያዋ ደቂቃ የሚያወራው ገጽ ላይ ሲደርሱ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ሁለት ሳምንት አላነሱትም።

ምክንያቱን እኛ እናውቃለን። ማዋለጃ ክፍላችን ውስጥ፣ ከሕፃናቱ ጠረጴዛ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ሆስፒታሉን መነኮሳት ያስተዳድሩት ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ውኃ የተሞላ ብርጭቆ ይቀመጣል። ሕፃኑ ካልተነፈሰ እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው። በእኛ በካቶሊኮቹ ዘንድ ቄስ በሌለበት ነርስም ታጠምቃለች፤ ሳይጠመቅ እንዴት ይሙት? ስም ይወጣለታል፣ ውኃ ይፈስበታል፣ ከዚያ የአየር ጭምብሉ ይነሣል። አየር የሚያስፈልግባት ያቺ የመጀመሪያ ደቂቃ ግን አልፋለች። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ይህን ከየት ያውቁታል?

በመጨረሻ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «አንዷ አየር ትስጥ፤ ሌላዋ ታጥምቅ። አየር የምትሰጠው እጇን አታንሣ።»

ዳይሬክተራችን ዶክተር አሬቫሎ መስመሩን አንብበው ሳቁ።

«ዶኛ ዞይላ፣ ይሄ የሕክምና መጽሐፍ ነው ወይስ የሰንበት ትምህርት? ይውጣ።»

«ይውጣ ካሉ ይወጣል፣ ዶክተር። ነርሶቹ ግን ብርጭቆውን ማንሳታቸው አይቀርም። እኔም አንስቻለሁ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ወንዶቹን ሆሴ፣ ሴቶቹን ማሪያ ነበር የምላቸው። አየር ባስቀድም የትኛው ይተርፍ እንደነበር አላውቅም። እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።»

ሐኪሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፣ ዶኛ።»

«ለእኔማ አይታፈስም። ለሚመጡት ይጻፍላቸው።»

መስመሩ ሳይነካ ታተመ።

በሁለተኛው ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንድ ወንድ ልጅ ዝም ብሎ ተወለደ። እጄ ወደ ብርጭቆው ሄዶ ነበር፤ አልዋሽም። መለስኩትና ጭምብሉን ያዝኩ። ባልደረባዬ ኖርማ ብርጭቆውን አንስታ «ማን እንበለው?» ስትለኝ አየር መስጠቴን አላቆምኩም። ውኃው ሳይነካው ልጁ አለቀሰ። ኖርማ ብርጭቆውን መልሳ አስቀመጠችው።

ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ዶኛ ዞይላ ቤት ሄድኩ። እሸት አተር ሲፈለፍሉ አገኘኋቸውና የሆነውን ነገርኳቸው።

«ማን አላችሁት?» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

«ምንም አላልነውም። እናቱ ታወጣለታለች።»

ሳህኑን ከጭናቸው አውርደው ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፈኑ። በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመናቸው ሲያለቅሱ ያየ ሰው የለም። አጠገባቸው ተቀምጬ አተሩን መፈልፈል ቀጠልኩ።