ገመድ ያለው ብሎን

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ነበር፤ እኔ ስልሳ ዘጠኝ ሞልቶኛል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ያውም ግማሹን። ስለዚህ የምጽፈው እንደምናገረው ነው፤ ያልጣመው ይተወው።

ሠላሳ ስምንት ዓመት የጭነት መኪና ነዳሁ። እህል ጭኜ ወደ ተከዜ ዳር፣ ወደ ዝቋላ ቆላ ስወርድ በአንደኛ ማርሽ፣ ባዶዬን ወደ ሰቆጣ ስወጣም በአንደኛ ማርሽ። ዕድሜዬን በሙሉ ስድህ ኖርኩ ማለት ይቻላል። ጡረታ ስወጣ ታዲያ አንዲት የምትሮጥ መኪና ልያዝ አልኩ። ባሕር ዳር ጋራዥ ያለው አንድ ጎረምሳ ሠርቶ ሸጠልኝ። ላይዋን ላየ ያረጀች ትንሽ የቤት መኪና ናት። ውስጧ ግን የሌላ መኪና ትልቅ ሞተር አለ፤ ቱርቦ ተገጥሞለታል፤ የጭስ ቱቦዋንም ጎረምሳው በእጁ በይዶ አስፍቶታል። ነዳጅ ስትሰጣት ወንበሩ ጀርባህን ይገፋሃል። ባለቤቴ "ጣውንቴ" ነው የምትላት። ከቤት ዘግይቼ ስገባ፣ "ጣውንቴን አጥበህ ጨረስክ?" ትለኛለች።

ባለቤቴ ዓይኗን ታማለች። ቀኙን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ግራውም እየተከተለው ነበር። ምስር ስትለቅም ጠጠሩን የምትፈልገው በጣቷ ነው። እኔንም የምታውቀኝ በኮቴዬ ነው። ወልድያ ሆስፒታል ሞራውን ሊያወጡላት ቀጠሮ ሰጧት፤ ያ ቀጠሮ በእኔ ምክንያት አለፈ። በሚኒባስ ልሂድ ብትለኝ፣ እኔ መኪና እያለኝ ሚስቴ በሰው መኪና አትሄድም ብዬ ራሴ ጫንኳት። መኪናዋ ዳገቱን ሳታጋምስ ጥቁር ጭስ እየተፋች ቤንዚኑን ጠጥታ ጨረሰችው። በጭነት መኪና ተጎትተን ተመለስን። ሰቆጣ ላይ ቤንዚን እንደ ልብ አይገኝም፤ ያቺን አንድ ጀሪካን ያገኘሁት ሁለት ቀን ተሰልፌ ነበር።

ሁለተኛ ቀጠሮ ለዓርብ ተሰጣት። ሐሙስ ጠዋት መነሳት አለብን ማለት ነው።

"ይሄም ካለፈ ሦስተኛ አልለምንም" አለችኝ። ስትቆጣ በኽምጣኛ ነው የምትናገረው፤ ይሄን ግን በአማርኛ፣ ቀስ ብላ ነው ያለችው። ያ ነው ያስፈራኝ።

ለባሕር ዳሩ ልጅ ደወልኩ። ጭሱን፣ የቤንዚኑን ነገር፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራውን ቢጫ መብራት ነገርኩት። ኦክስጅን ሴንሰሮቹ አርጅተዋል አለኝ። ሁለት ናቸው። የጭስ ቱቦው ላይ ይታሰሩና ጭሱን እያሸተቱ፣ ቤንዚን በዛ ወይ አነሰ ብለው ለሞተሩ ኮምፒዩተር ይነግሩታል። ሲያረጁ አያሸቱም፤ ኮምፒዩተሩም ዝም ብሎ ቤንዚን ያፈስሳል። ሁለት አዲስ በአውቶብስ ሹፌር እጅ ላከልኝ፤ ሰኞ ከሰዓት ደረሱ።

ግቢያችን ውስጥ ቤት የተከራየች ከጎጃም የመጣች አስተማሪ አለች። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብቢልኝ ልጄ አልኳት። ቆማ አነበበችልኝ። ሴንሰሩ እንደ ብሎን የሚታሰርበት ጥርስ ላይ ያለው ግራጫ ቅባት ከፋብሪካው የመጣ ነው፣ እንዳይነካ ይላል። ሌላ ምንም እንዳይቀባ ይላል። ጫፉን ዘይት እንዳይነካው ይላል።

"ይሄን የጻፈው ሰው ዝቋላ ወርዶ ያውቃል?" አልኳት።

"እኔ የተጻፈውን ነው ያነበብኩልዎ አባባ።"

"የጎማ ብሎን ዝጎበት ፀሐይ ላይ ሦስት ቀን ተቀምጦ ያውቃል?"

ወረቀቱን አጥፋ ሰጠችኝና ደብተር ልታርም ገባች።

ማክሰኞን ሙሉ የፈጀሁት አሮጌዎቹን ስፈታ ነው። ትክክለኛው መፍቻ ከተማው ውስጥ የለም። ተራው መፍቻ ደግሞ ገመዱ አያስገባውም። ሃያ ሁለት ቁጥር ቀለበት ቁልፌን ጎኑን በብረት መጋዝ ሰነጠቅኩና ገመዱን በስንጥቁ አሳለፍኩት። ጆንያ አንጥፌ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። አልነቃነቅ አለ። ሞተሩን አስነስቼ ቱቦውን አግዬ ሞከርኩ፤ ክንዴን ጠበሰኝ እንጂ እሱ አልሰማም። ቁልፉ ተንሸራቶ የጣቶቼን አንጓ ቆዳ ገሸለጠው። ዝገቱ ዓይኔ ውስጥ ይረግፋል። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ያን ቀን ያልሰደብኩት ብረት የለም። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። እየመጣች ውሃ ታቀብለኛለች፤ እግሬን በእጇ ዳብሳ ነው የምታገኘኝ። አንዴ፣ "እሷ አንተን እየፈታችህ ነው ወይስ አንተ እሷን?" አለችኝ። በመጨረሻ በመሮና በመዶሻ መታሁት። አንዱ ራሱ ተሰብሮ ወጣ፣ ሁለተኛው ጥርሱ ተላጦ ወጣ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቆሜ መሄድ አቅቶኝ ነበር።

እንግዲህ ያን ሁሉ ያየሁት በዝገት ነው። ዳግመኛ አይዝግብኝም ብዬ ማልኩ።

እኔ የራሴ ቅባት አለኝ። ከቀፎዬ የወጣ ሰም ከተቃጠለ የሞተር ዘይት ጋር አቅልጬ፣ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ አስቀምጣለሁ። በሹፌርነት ዘመኔ አንድም የጎማ ብሎን በሱ ሳልነክር አስሬ አላውቅም። የተከዜ ዳር አቧራ እንኳ አልደፈረውም። ሌሎች ሹፌሮች ከዚያች ቆርቆሮ ይለምኑኝ ነበር። ሴንሰር ይበሉት እንጂ ለእኔ ብሎን ነው፤ ገመድ ያለው ብሎን።

ረቡዕ ጠዋት ቆርቆሮውን ፍም ላይ አሞቅኩ። ግራጫውን ነገር በጨርቅ ጠረግኩት። ከዚያ እንደ ልማዴ ሁለቱንም እስከ አንገታቸው ነከርኳቸው። ጫፋቸው ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ቅባቱ እነሱንም ሞላቸው። ይሻላል፣ አቧራ አይገባባቸውም አልኩ። በእጅ እየዞሩ እንደ ቅቤ ገቡ። ደስ አለኝ። አስተማሪዋ ወደ ትምህርት ቤት ልትወጣ ስትል አየችኝና አንዴ ቆርቆሮውን፣ አንዴ እኔን አየች። ከዚያ መንገዷን ቀጠለች።

መኪናዋ ጥሩ ተነሳች። ድምጿ እንደ ድሮው ሆነ። ባለቤቴን ጎኔ አስቀምጬ በአምደወርቅ መንገድ ልሞክራት ወጣሁ። ዳግም ተሰልፌ ለነገው የያዝኩትን ቤንዚን ነው የገለበጥኩባት፤ ሌላ የለኝም። ሜዳው ላይ ሮጠች። "ይሄውልሽ" አልኳት። ሞተሩ ሲግል ከሥራችን ነጭ ጭስ ተነሳ። ሰሙ ነው፣ ይለቃል አልኩ። ዳገቱን ስንጀምር መንቀጥቀጥ ጀመረች። ቢጫው መብራት በራ። በመስታወት ሳይ ከኋላዬ መንገዱ በጥቁር ጭስ ጠፍቷል። አህያ የሚነዱ ሰዎች አፋቸውን በጋቢ ሸፈኑ።

"ቤንዚን ቤንዚን ይላል" አለች ባለቤቴ።

"ምንም አይልም። ቅባቱ እየነደደ ነው።"

"እኔ ዓይኔ ነው እንጂ አፍንጫዬ አልታመመም።"

የነዳጁን መርፌ አየሁት። ሳልመታው ቀርቼ አይደለም፣ በጣቴ መታሁት፤ ከግማሽ በታች ወርዶ እዚያው ቀረ። ገና ከከተማው ብዙ አልራቅንም።

ቤት ተመልሼ ለልጁ ደወልኩ። መኪናዋ እንዴት እንደሆነች ነገርኩት።

"አባባ፣ ምን ቀቧቸው?"

"ምንም አልቀባሁም።"

ባለቤቴ ከበረንዳው ላይ፣ "ነክሬያቸዋለሁ በለው፤ በቅባት ነክሬያቸዋለሁ በለው" አለች። ልጁ ሰማት። ሳቀ፣ ከዚያ መሳቁን ተወ። ከላይ ወደ ታች ነው የታሰሩት አለኝ፤ ቅባቱ ሲቀልጥ ወደ ጫፋቸው ወርዶ እዚያው ይቃጠላል። ዘይቱ አፍንጫቸውን ዘግቶታል። በቤንዚን ቢያጥቧቸውም፣ በሽቦ ቢፍቋቸውም አይመለሱም። ሌላ ፈልጎ እስኪልክ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል።

አላመንኩትም። ፈትቼ አየኋቸው፤ ያ ሁሉ ቀዳዳ በጥቁር እንደ ሬንጅ ተደፍኗል። በመርፌ ልከፍተው ሞከርኩ። አሮጌዎቹን ልመልስ እንዳልል፣ አንዱ ራስ የለውም፣ አንዱ ጥርስ የለውም፤ በራሴ መዶሻ ነው ያጠፋኋቸው። ስልኩን ደግሞ አንስቼ ቤንዚን ያላቸውን ሰዎች ሁሉ ጠየቅኩ። የለም አሉኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው መንገድ ላይ ጥዬ አላውቅም ነበር።

አስተማሪዋ ስትመለስ ሚኒባሱ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ባለቤቴ ስትጠይቃት ሰማሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ከሌሊቱ ነው አለቻት፤ እኔ አደርስዎታለሁ እማማ አለቻት። እኔ መርፌዬን ይዤ ከመኪናዋ አጠገብ ቁጭ እንዳልኩ ነኝ። ባለቤቴ በመርፌ የምፍቅበትን ድምፅ ተከትላ መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

"እኔ ነገ እሄዳለሁ። አንተ ከጣውንቴ ጋር ቅር።"

ለቀልድ አልነበረም። ቅባቱን የያዘው ቆርቆሮ እግሬ ሥር ነበር፤ ክዳኑን ገጥሜ ወደ ውስጥ ገባሁ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ከእሷ ቀድሜ ተነሳሁ። ስንቋን ቋጠርኩ፣ የሆስፒታሉን ካርድ በደረት ኪሴ ከተትኩ፣ እጇን ይዤ እስከ መናኸሪያ በእግራችን ሄድን። ከፊት ቦታ ስላልነበረ ከኋላ ወንበር ተቀመጥን፤ እሷን በመስኮቱ በኩል አደረግኋት። ዳገቱ ላይ ሹፌሩ ማርሽ መቀነሱን አዘገየው፣ ሞተሩ ታነቀበት። እግሬ የሌለ ፍሪሲዮን ረገጠ። አፌን ግን ዘጋሁ።