ለፋሲካ የተቀመጠው ልብ ወለድ

እህቴ ይርጋነሽ ቢቸና ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። እጇን የሚያማ የለም፤ ቀጠሮዋን የማያማ ግን የለም። ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ሁልጊዜ የፍቅር ልብ ወለድ አለ። ይህችን ምዕራፍ ልጨርስ ካለች ቀሚሱ ለሰርጉ ሳይሆን ለመልሱ ነው የሚደርሰው። የሚያስለቅስ መጽሐፍ አትወድም፤ ሰው ሊሞት ሲል ትዘጋዋለች። እሷ የምትፈልገው ቀለል ያለ፣ ሰዎቹ የሚዋደዱበትና ደህና አድርገው የሚበሉበትን ነው።

ይህን ጠባይዋን ከእኔ ከታናሿ ከማናለሽ ቀጥሎ የሚያውቀው ሰጠኝ ነው። ሞጣ ላይ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለው፤ በአንድ ጥግ መጻሕፍት ያከራያል። ሚስቱ ከሞተችበት ስድስት ዓመት ሆኖታል። ጨርቅ ላመጣ ሞጣ በሄድኩ ቁጥር ለእህቴ አንድ መጽሐፍ መርጦ ያስይዘኛል። እሷም የተቀዳደደውን ሽፋን በቁራጭ ጨርቅ ለብዳ ትመልስለታለች። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተመላለሱ። ወይ አለመታደል፣ ሁለቱም አፋራም! መሀል ላይ ያረጀሁት እኔ ነኝ።

ዘንድሮ በቅበላ ሰሞን ሰጠኝ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አምጥቶ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ ውስጥ የታጠፈ ደብዳቤ እንዳለ ነገረኝ። ሊያገባት ይፈልጋል። ይህን ሲናገር ላብ በላብ ሆነ። እስከ ሆሳዕና መልስ ካልላከች እንደማትፈልገው ገብቶት፣ ሱቁን ዘግቶ ባሕር ዳር ወንድሙ ጋ ሊገባ ነው። ራሷ አንብባ እንድትደርስበት ስለፈለገ እንዳልነግራት በሞጣ ጊዮርጊስ አስማለኝ። እኔም ምን ቸገረኝ ብዬ ማልኩ። እህቴ አንድ መጽሐፍ ከሦስት ቀን አታሳልፍም።

የመጽሐፉ ታሪክ ባሕር ዳር ላይ ነው። ምግብ ቤት ያላት ሴትና ዓሣ የሚያቀርብላት ሰው ይጣላሉ፣ ይበላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ደግሞ ይበላሉ። ይርጋነሽ ስፌት የተማረችው እዚያው ስለሆነ በየገጹ ከደራሲው ጋር ትከራከራለች። ከጊዮርጊስ ወደ ሐይቁ ለመውረድ ባጃጅ ምን ያደርጋል፣ በእግር አይኬድም ወይ ትላለች። የዓሣ ጥብሱ ጋ ስትደርስ ግን ክርክሩን ትታ ጮክ ብላ ታነባለች። የስፌት መኪናው ይቆማል። አንዷ ደንበኛማ ልብሷን ተቀብላም አልሄደችም፣ ቁጭ ብላ ትሰማለች።

ከዚያ ጾሙ ገባ። በመጀመሪያው ረቡዕ ባለ ምግብ ቤቷ ዶሮ ወጥ ሠርታ ቅቤውን ስታፈስበት እህቴ ምራቋን ዋጠች። መጽሐፉን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። አፌ ጾሞ ዓይኔ ሊገድፍ ነው አለች። በነጠላ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ከተተችና ለፋሲካ ብላ ቆለፈችበት። እኔ ክው አልኩ። ሆሳዕና ከፋሲካ እንደሚቀድም ለማን አቤት ልበል?

ያልሞከርኩት የለም። መጨረሻውን ብቻ እይው አልኳት፤ መጽሐፍ ከጭራው አይጀመርም አለችኝ። ዶሮዋን ዝለያት አልኳት፤ ዶሮዋን ከዘለልኩ ምን ቀረኝ አለች። እውነቷን ነው። ለሰጠኝ ደግሞ ያላነበበችው በጾሙ ምክንያት ነው ብለው አላመነኝም። እምቢ ለማለት ያፈረች ሴት ጾምን ታመካኛለች ብሎ አንገቱን ደፋ። በአራተኛው ሳምንት ስሄድ መደርደሪያውን ማራገፍ ጀምሯል። አንጀቴን በላው።

ሲጨንቀኝ ወደ ንስሐ አባታችን ወደ ቄስ ገብረ ኪዳን ሄድኩና የምግብ ወሬ ማንበብ ጾም ያስገድፋል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳላየው አልፈርድም፣ መጽሐፉ ይምጣ አሉ። እህቴ የንስሐ አባቷን እምቢ አትልም፣ ሰጠቻቸው። አንድ ሳምንት ጠፉ። ሁለተኛውም ሊያልቅ ሆነ። ባለቤታቸውን ብጠይቃቸው፣ ቄሱ ከቅዳሴ ሲመለሱ በር ዘግተው ብቻቸውን እንደሚስቁ ነገሩኝ።

የሆሳዕና ዋዜማ ቄሱ መጽሐፉን ከጋቢያቸው ሥር ይዘው ስፌት ቤቱ ድረስ መጡ። እህቴ ብድግ ብላ መስቀል ተሳለመች። እሳቸውም በዶሮዋ ክፉኛ እንደተፈተኑ ሳይደብቁ ተናገሩና፣ መጽሐፉ እስከ ፋሲካ ቢቆይ ይሻላል ብለው ፈረዱ። ከዚያ ከመጨረሻው ምዕራፍ መሀል የታጠፈውን ወረቀት አወጡ።

«ይኸ ግን ስምሽ አለበት፤ አልከፈትኩትም» አሏት። «ደብዳቤ ቅቤ የለበትም ልጄ። ዛሬውኑ አንብቢው።»

ቆማ አነበበችው። ተቀምጣ ደገመችው። የሚያስለቅስ ነገር አልወድም የምትለው ሴትዮ በደንበኛ ቀሚስ እንባዋን ጠረገች፣ ወዲያው ደግሞ መሳቅ ጀመረች። ደብዳቤውን ካነበበች መሐላዬ አልቋልና፣ ስለ መደርደሪያውም ስለ ባሕር ዳሩም ሁሉንም ዘረገፍኩላት። በያዘችው ሜትር ትከሻዬን ቸብ አደረገችኝና ስልኬን ነጠቀችኝ።

ሰጠኝ ስልኩን ሲያነሳ ቄሱ የታሪኩን መጨረሻ ሊነግሩን አፋቸውን እየከፈቱ ነበር፤ እህቴ በእጇ ምልክት ለምና ዝም አሰኘቻቸው።

«መደርደሪያውን መልሰህ ሙላው» አለችው። «መጽሐፉን ግን አልጨረስኩትም። ለፋሲካ ዶሮውን ሠርቼ እጠብቅሃለሁ፤ የቀረውን አብረን እናነበዋለን።»