መፍቻ እንጂ ጥይት የማያውቀው ልጄ

ይህ የሆነው አምና ኅዳር ላይ ነው። ዓመት አለፈው፤ ግን ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ሆኜ እንኳ ፊቴን በነጠላዬ እሸፍናለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና አጻጻፌን ይቅር በሉኝ።

ልጄ መኮንን ሃምሳ አለቃ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሲያገለግል ሥራው ከግንባር ርቆ የጦር መኪና መጠገን ነው። የሴት ልጄ ባል ታደሰ ደግሞ ወታደር ከሆነ ገና ስድስት ዓመቱ ነው፤ ግን ሁለት ጊዜ ውጊያ ገብቶ እግሩ ውስጥ ፍንጣሪ ቀርቷል። ያኔ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ፈቃድ መጡ።

ፈላና በር ሰፈር ያለችው ቤቴ በጎረቤት ሞላች። ቀልድ የማያልቅባቸው ሽማግሌው ጎረቤታችን አው አብዶሽ፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ሁለት ወታደር በአንድ ቤት! ለመሆኑ ጀግናው ማንኛው ነው?" አሉኝ።

እኔ ሞኟ፣ "ጀግናስ ታደሰ! የኔማ መፍቻ እንጂ ጥይት የት ያውቃል? እኔና እሱ እኩል ነው የተዋጋነው" አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። መኮንንም ሳቀ። እኔ ዘንድ የምታድገው የአሥራ ሦስት ዓመት ሴት ልጁ ግን ቀና ብላ አየችው። ሳቁን ተወ።

ታደሰ ብቻ አልሳቀም። እንግዳው ሲወጣ ጠጋ ብሎ፣ "እማማ፣ እኔ እኮ በመኮንን እቀናለሁ። እሱ እንቅልፍ ይተኛል" አለኝ።

መኮንን በማግስቱ፣ ፈቃዱ ሳያልቅ፣ "ሥራ አለብኝ" ብሎ ሄደ።

የኔ እግር መቼም ቤት አይወድም። በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ የስለት ጥላ ይዤ በእግሬ ቁልቢ ገብርኤል እሄዳለሁ። ያን ዓመትም ስንጓዝ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ሰፈር የመጣች አንዲት ሴት፣ "እናቴ፣ ስለትዎ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ወታደር ልጅ አለኝ። ግንባር እንዳይደርስ፣ የጥይት ድምፅ እንዳይሰማ ብዬ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት..." ብዬ ጀመርኩና የኅዳሩ ቀልዴ ትዝ አለኝ።

ሴትዮዋ ምን ታውቃለች፣ "ሰምቶልዎታል!" ብላ እልል አለች። መንገደኛውም ተቀበላት። እኔ ጥላዋን ታቅፌ መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። ተንበርክኬ የለመንኩትን ነገር ነው በሰው ፊት መሳቂያ ያደረግኩት።

ስመለስ ደወልኩለት። ስለቱን ከዚያ በፊት ነግሬው አላውቅም። እሱም፣ "ሦስት ጊዜ ግንባር ልሂድ ብዬ ጠይቄ እምቢ አሉኝ። ለካ አንቺ ነሽ!" ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እማዬ፣ ይህን ለልጄ ንገሪያት" አለኝ።

ነገርኳት። ስልኬን አንስታ ለአባቷ ደወለች።

ያን ቀን ቤቴ ሆኖ የሳቀው ሰው ግን ብዙ ነው፤ በየበሩ እየዞርኩ ልንገር ብል ደግሞ እፍረቱ ያዘኝ። ይኸው እዚህ ጻፍኩት፤ ያንብቡት።