ያልሞቀው ከበሮ

ከበሮ ከዘማሪው ሲቀድም ወይም ሲዘገይ ከሰማሁ ያንገበግበኛል። ታክሲ ውስጥም ሆነ ሰርግ ቤት፣ ሰው እየጨፈረ እኔ ጥርሴን ነክሼ እቀመጣለሁ። ጓደኞቼ "አንቺ ደግሞ ሙድ ትሰብሪያለሽ" ይሉኛል። ምን ላድርግ፣ እንጀራዬ ነው። ሐዋሳ ፒያሳ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ድምፅ እቀዳለሁ፣ አቀናብራለሁ። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ራፕ ይዘው ይመጣሉ፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መዝሙር ይዘው ይመጣሉ። ግድግዳው ላይ ስፖንጅ ለጥፌያለሁ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ደፍኜዋለሁ። የባጃጅ ጡሩምባን ግን ብርድ ልብስ አይበግረውም።

ከሥራዬ ሁሉ የምኮራው በከበሮ ሉፖቼ ነው። ሉፕ ማለት አንዴ ተመትታ የተቀዳች አጭር የከበሮ ቁራጭ ናት፤ ኮምፒውተሩ እየደጋገመ ያስኬዳታል። የእኔዎቹን ከኢንተርኔት አላወረድኳቸውም። እውነተኛ ከበሮ ተውሼ፣ እጄ እስኪያብጥ መትቼ የቀዳኋቸው ራሴ ነኝ። ስለዚህ አንድ ሰው "ከበሮሽ አይጥምም" ቢለኝ ዘር ማንዘሬን የሰደበኝ ያህል ነው።

ጋሼ የመጡት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያናቸውም ለብዙ ዓመት መዘምራኑን መርተዋል። "ዘፈኑ አንድ ብቻ ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "መዝሙር" ብለው አረሙኝ።

መዝሙሩን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፣ በወጣትነታቸው፣ ከባለቤታቸው ጋር ሊዘምሩት። እሳቸው ግጥሙን ይመራሉ፣ እትዬ አዝማቹን ይቀበላሉ። እትዬ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸው። "ድምፅዋ ጀልባ ላይ ላለው ሁሉ ይሰማ ነበር" አሉኝ ጋሼ በኩራት። አሁን ግን ጆሯቸው ደክሟል። ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ ጠፍቶባቸዋል፣ የሰው ንግግርም ጭምር። የቀራቸው ወፍራሙ ነው፣ የከበሮና የነጎድጓድ ዓይነቱ። የጆሮ መሣሪያ ተገዝቶላቸው ነበር፤ ሁሉን ነገር አንድ ላይ እያንጫጫ ስላስጨነቃቸው መሳቢያ ውስጥ ገብቷል።

"አንድ እሑድ" አሉኝ ጋሼ፣ "ጉባኤው ጸጥ ባለበት ብቻዋን አዝማቹን ይዛ ገባች። ልጆች ሳቁ። ከዚያ ወዲህ አልዘመረችም። እቤትም ብለምናት እምቢ አለች። 'የት እንደምገባ አላውቅም' ነው የምትለኝ።"

የፈለጉት ከበሮው ጎልቶ የተቀዳ መዝሙር ነበር። እትዬ እጃቸውን ስፒከሩ ላይ አድርገው፣ ከበሮውን በመዳፋቸው እየተከተሉ፣ ቦታቸው ሲደርስ እንዲገቡበት። ልቤ ዘለለ። "ጋሼ፣ ትክክለኛው ሰው ጋ ነው የመጡት" አልኳቸው። ጉራዬን ልብ በሉ።

ለመዝሙሩ ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ፕሮጀክት ከፈትኩ። ቴምፖውን ማለትም መዝሙሩ የሚሄድበትን ፍጥነት ወሰንኩ። ከዚያ በጆሯቸው ክሊክ ለቀቅኩባቸው፤ ዘማሪው ከፍጥነቱ እንዳይወጣ ቲክ ቲክ እያለ የሚቆጥር ድምፅ ነው።

"ይቺ የምታንጠባጥብ ቧንቧ ትዘጋልኝ" አሉ።

"ጋሼ፣ የሂሳብ መምህር ሆነው ቆጠራ ይጠላሉ?"

"እኔ አስቆጥር ነበር እንጂ መቼ ቆጠርኩ!"

ሳቅን። ግን አልለቀቅኳቸውም፤ እንደምንም ብለው ክሊኩ ላይ ዘመሩልኝ። ሉፖቼን ከሥር ደረደርኩ። እያንዳንዷ ምት በልክ እንደተሰፋ ልብስ ቁጭ አለች። ለራሴ አጨበጨብኩ።

ሰኞ ተመልሰው መጡና "አልሞቀም" አሉኝ።

ሞቅ ማለት በእኔ ቤት መጉላት ነው። ከበሮውን ከፍ አደረግኩላቸው። በማግሥቱም መጡ፣ "አልሞቀም።" ሌላ ሉፕ ደረብኩ፣ ቤዙን ጨመርኩ፤ ታች ያለው ፎቶ አንሺ "መስታወቴን ልታረግፊው ነው!" ብሎ ጮኸብኝ። ጋሼ አሁንም በጥሞና ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጄ፣ ጮኸ እንጂ አልሞቀም።"

ደሜ ፈላ። "ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ከሞቀ ስፒከሩ ይቃጠላል!" አልኳቸው። እሳቸው አልተቆጡም። "ነገ እሷን ይዤ እመጣለሁ" ብለው ወጡ።

እትዬ ጠንካራ ሴት ናቸው፤ ሰላምታቸው ብቻ ትከሻ ያወልቃል። ወንበር ሳቡና ሁለት መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ ዘረጉ። ያንኑ የምኮራበትን ቅጂ አጫወትኩላቸው። ግጥሙ ላይ ራሳቸውን በልኩ ወዘወዙ። አዝማቹ ሲደርስ ከንፈራቸው ሊከፈት አለና መልሶ ተዘጋ። ወደ ጋሼ ዞረው በቋንቋቸው፣ በሲዳሙ አፎ፣ አንድ ነገር አሏቸው።

"ምን አሉ?" አልኩ።

"'ይሄ የሚዘምረው አንተ አይደለህም' አለች።"

ከዚያ ጋሼ ተነሡ። "እዪ፣ እንዲህ ነው" ብለውኝ ያለ ምንም ሙዚቃ እያጨበጨቡ ለእትዬ ዘመሩላቸው። እትዬ አፋቸውንና እጃቸውን እያዩ አብረው አጨበጨቡ። ግጥሙ ረጋ ብሎ ሄደ። ወደ አዝማቹ ሲጠጉ ጋሼ "ሞቅ!" አሉ፣ ጭብጨባውም ፈጠነ። በጣም አይደለም፤ ዳገቱን ጨርሶ ሜዳ ላይ እንደወጣ ሰው፣ ትንሽ ብቻ። አዝማቹ ሲያልቅ ደግሞ ረገብ አለ።

ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ። "መፍጠን ነው! ሞቅ ማለት መፍጠን ነው!"

ጋሼ ሰነፍ ተማሪ እንደሚያዩ አዩኝ። "ታዲያ ምን መስሎሽ ነበር?"

ለካ የእትዬ መግቢያ ምልክት እሱ ኖሯል። ከበሮው መፍጠን ሲጀምር ተራቸው መድረሱን ያውቃሉ። በእኔ ቅጂ ግን ከበሮው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ስለነበር፣ የት እንደሚገቡ የሚያሳያቸው ነገር አልነበረም። ጋሼን ለኮምፒውተሩ ሳስገዛቸው ነው የሰነበትኩት! አፈርኩ ልል ነበር፣ ግን ውሸት ይሆናል፤ ደስ ነው ያለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገባኝ ማን ይያዘኝ።

ክሊኩን ዘጋሁት። እትዬን ከጋሼ ፊት አስቀምጬ እንዲያጨበጭቡላቸው በእጄ አሳየኋቸው፣ ጋሼም እንደ ልባቸው ዘመሩ። ጭብጨባው በማይኩ ገባ። ይግባ አልኩ፣ የምፈልገውም እሱን ነው። ቅጂውን ይዤ በየጭብጨባው ላይ ምልክት አደረግኩ፤ ኮምፒውተሩን "ምቱ እዚህ ጋ ነው፣ ቀጣዩ እዚህ ጋ ነው" ማለቴ ነው። ቀጥ ብሎ የነበረው የፕሮጀክቱ የቴምፖ መስመር፣ ጋሼ በሞቁበት ከፍ፣ በረገቡበት ዝቅ እያለ መጣ። "አያችሁ? አያችሁ?" እያልኩ ስክሪኑን አሳያቸዋለሁ። እነሱ የሚያዩት አንድ የተጠማዘዘ መስመር ነው፤ ቢሆንም ስለ እኔ ብለው ደስ አላቸው።

ሉፖቹን መልሼ ከሥር አስገባሁና አጫወትኩት። ጉድ ፈላ! ጋሼ በአንድ በኩል፣ ከበሮው በሌላ በኩል ይነጉዳል። እትዬ መዳፋቸውን ከስፒከሩ ላይ ነጠቅ አድርገው በአማርኛ "የሚመታው ሰካራም ነው እንዴ?" አሉኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ጥፋቱን ፈልጌ አገኘሁት። ሉፕ ከፕሮጀክቱ ጋር እየተሳበና እየተጨመቀ እንዲሄድ፣ የራሱ ፍጥነት ስንት እንደሆነ ለኮምፒውተሩ መንገር ያስፈልጋል። ካልነገሩት ይገምታል። የእኔ ከበሮ በስድስት የሚቆጠር የኛው የአገር ቤት ምት ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ የለመደው በአራት ስለሆነ በአራት ቆጥሮ ገምቶታል። መጀመሪያ ቴምፖው አንድ ዓይነት ሳለ እያንዳንዷን ሉፕ በእጄ ገጣጥሜ ስለነበር አልታወቀኝም። አሁን ስድስት መሆኑን ነገርኩት፣ የተቀዱበትን ፍጥነት ሞላሁለት፣ ፕሮጀክቱን እንዲከተሉ አዘዝኩና ደግሜ አጫወትኩ።

ከበሮው ጋሼን ተከተላቸው! ትንፋሽ ሲወስዱ ጠበቃቸው፣ ሲሞቁ አብሯቸው ሞቀ። ያ እጄን ያሳበጠኝ ከበሮ፣ ከጋሼ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ቆሞ ዓይን ዓይናቸውን እያየ የሚመታ መሰለ። እኔ እየዘለልኩ ነው። ጋሼ "እሱ ነው! እሱ ነው!" ይላሉ። ፎቶ አንሺው ከታች ኮርኒሱን በመጥረጊያ እጀታ ደበደበው፤ ማን ሊሰማው።

"ከመጀመሪያው ድገሚልን" አሉኝ ጋሼ። እትዬ መዳፋቸውን መልሰው ዘረጉ። ግጥሙ ሄደ፣ ከበሮው ሞቀ፣ አዝማቹ መጣ። እትዬ አልገቡም። አዝማቹ ባዶውን አለፈ። ጋሼ መሬት መሬት ያያሉ። እኔም መዝለሌን ተውኩ። ምናልባት ነገሩ የከበሮ ላይሆን ይችላል፣ ምናልባት ፍርሃቱ ከጆሮው ይብሳል ብዬ ማሰብ ጀመርኩ፤ ለዚያ ደግሞ የምነካው ቁልፍ የለኝም።

ሁለተኛው ግጥም ላይ እትዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከበሮው መሞቅ ሲጀምር ትከሻቸው ከፍ አለ። ገቡ። ልክ በቦታው! እንዴት ያለ ድምፅ! ወፍራም፣ ትንሽ ሻከር ያለ፣ ለእኔ ክፍል የማይበቃ ድምፅ። አዝማቹን አንድ ምት ሳይስቱ ጨረሱትና ዓይናቸውን ገለጡ።

በስፒከሩ ጋሼ ሦስተኛውን ግጥም መምራት ጀምረዋል። እትዬ ግን የሰው ድምፅ አይሰሙም። እሳቸው የሚያዩት አፉን ዘግቶ፣ ፊቱ በእንባ ርሶ ከፊታቸው የተቀመጠ ባላቸውን ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ ተራህ እኮ ነው!" አሏቸው ጮክ ብለው። "ምን ትጠብቃለህ? ግባ እንጂ!"

ጋሼ ፊታቸውን በእጃቸው ጠርገው ተነሡ፣ ገቡም።