ከቱታው ኪስ የወጣ ቃል

የማሽን ዘይት ሽታ ጋራዥ በር ላይም ይሁን ባጃጅ ውስጥ ሲሸተኝ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የአባዬ ሰማያዊ ቱታ ነው። አባዬ ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳቢያን ሰፈር ባለው ግቢያችን እማዬ ቱታውን በሳፋ ዘፍዝፋ ስታሸው፣ እኔ ደግሞ ተቀብያት ሳለቀልቀው፣ ውሃው ሦስት ጊዜ ተደፍቶም ጥቁር ሆኖ ይወጣ ነበር። «ወላሂ የዚህን ሰውዬ ዘይት የድሬ ውሃ በሙሉ አያስለቅቀውም!» እያለች ትነጫነጭ ነበር፤ ግን ደስ እያላት ነው የምትነጫነጨው።

መስከረም ላይ ስድስተኛ ክፍል ስገባ አዲስ የእንግሊዝኛ አስተማሪ መጣልን። ቲቸር አንድ ደንብ ነበረው። በየሰኞው እያንዳንዳችን መጽሐፋችን ውስጥ የሌለ አንድ ቃል ከካርቶን፣ ከቲሸርት፣ ከዱቄት ከረጢት፣ ካገኘንበት ለቅመን እናመጣለን፤ እሱ ፍቺውን ይነግረናል፤ ቃሉን ያመጣው ልጅ እዚያው ቆሞ ዓረፍተ ነገር ይሠራበታል። ከሠራ ይጨበጨብለታል፣ ካልሠራ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ቆሞ ይማራል። እኔ ቆሜ ተምሬ አላውቅም። ምን ልዋሽ፣ ጭብጨባው ሱስ ሆኖብኝ ነበር፤ ለቃል ስል የጎረቤት ቆሻሻ ሳይቀር እበረብር ነበር።

አባዬ ኦሮምኛና አማርኛ አሳምሮ ያውቃል፣ እንግሊዝኛ ግን አያነብም። ስለዚህ የመድኃኒት ብልቃጥም ይሁን የመለዋወጫ ካርቶን ቁራጭ ኪሱ ከትቶ ያመጣና፣ እሁድ ምሳ በልተን ሙቀቱ ሁላችንንም ምንጣፍ ላይ ሲዘርረን፣ «ሰሚ፣ ነይ እስቲ አንብቢልኝ» ይለኝ ነበር። ሳነብለት ራሱን እየነቀነቀ ይሰማኝና፣ «አቦ ይቺ ልጅ! ከፈረንጅ አለቆቼ ጋር የምታነጋግረኝ እሷ ናት» እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ ይጎርርብኝ ነበር።

የጥር ንፋስ አልፎ፣ መጋቢት አልቆ ሙቀቱ ሲጀምር፣ አንድ ቅዳሜ የሳፋው ውሃ ጥርት ብሎ ወጣ። እማዬ፣ «ሰውዬው ሥራ ትቶ መንሸራሸር ጀመረ እንዴ?» ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። አባዬ በየጠዋቱ በሰርቪስ ሰዓት ወጥቶ በሰርቪስ ሰዓት ይመለስ ነበር፤ ማን ይጠርጥር? በቀጣዩ ቅዳሜ ቱታውን ከመዘፍዘፋችን በፊት ኪሱን ስፈትሽ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። እንግሊዝኛ ነው፣ የፋብሪካው ማኅተም አለው፣ ከላይ የአባዬ ስም ተጽፎበታል። ብዙውን አልገባኝም። መሃሉ ላይ ግን አይቼው የማላውቀው ረጅም ቃል ነበር፦ ሪዳንዳንት። የሰኞ ቃሌን አገኘሁ ብዬ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩትና ወረቀቱን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት፤ አባዬም ሲገባ አንስቶ ኪሱ ከተተው። ሁሉን ነገር የሚያስነብበኝ ሰው ይህን ለምን እንዳላስነበበኝ አንዴ እንኳ አልጠየቅሁም። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሰኞ ቃሉን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ቲቸር ትንሽ አሰበና፣ «ድርጅቱ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም ብሎ ከሥራ የሚቀንሰው ሰው ማለት ነው» አለ። ማኅተሙም፣ የአባዬ ስምም፣ የሳፋው ጥርት ያለ ውሃም አንድ ላይ መጡብኝ። «እሺ፣ ዓረፍተ ነገር!» አለኝ ቲቸር። ፋብሪካ፣ ዘበኛ፣ ሹፌር፣ ያሻኝን ብዬ መጀመር እችል ነበር። ክፍሉ በሙሉ እያየኝ ነው፣ ቆሜ መማር ደግሞ አልፈለግሁም፤ አፌ ላይ ተሠርቶ ያለቀውን አወጣሁት፦ «ማይ ፋዘር ኢዝ ሪዳንዳንት»። አባቴ የማያስፈልግ ሰው ነው አልኩ። «ኤክሰለንት! አጨብጭቡላት!» አለ ቲቸር። ተጨበጨበልኝ። እሱ ዞር ብሎ ፊቴን ያየው ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ነው፤ ወዲያው ዳስተሩን አንስቶ ቃሉን አጠፋው።

ምን ዋጋ አለው! አንድ ግቢ የምንኖረው ነጅማ ከእኔ ጋር ነበር የምትማረው፤ ቤቷ እንደገባች ለእናቷ ነገረች። በእኛ ግቢ ደግሞ ሰው ችግር ላይ ወድቆ ዝም አይባልም፤ የነጅማ እናት ሁለት ጎረቤቶች አስከትላ፣ ስኳርና ሩዝ በፌስታል ይዛ በዚያው ከሰዓት መጣች። «አይዞሽ እህቴ፣ አላህ የተሻለ ሥራ ይስጠው» አለቻት እማዬን። እማዬ ግራ ገብቷት፣ «ለማን?» አለች። ያኔ ሦስቱም ሴቶች ዞረው እኔን አዩኝ።

ገና እንደተቀመጡ አባዬ በሰርቪስ ሰዓት፣ ቱታውን እንደለበሰ፣ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ገባ። ስኳሩን አየ፣ ሩዙን አየ፣ የእማዬን ፊት አየ። ደብዳቤውን የሰጠው ሰው ትርጉሙን በአማርኛ ነግሮት እንደነበር፣ ሌላ ሥራ እስኪያገኝ እኛ እንዳንጨነቅ ብሎ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይውል እንደነበር ያወቅነው በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያለው፣ «ማን ነገራችሁ?» ብቻ ነው። የነጅማ እናት በደግነት፣ «ሰሚራ ናት። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ተናግራ ተጨበጨበላት አሉ» አለችው። አልተቆጣኝም። ምነው በመታኝ! ምሳ ዕቃውን በሩ ሥር አስቀምጦ ተመልሶ ወጣ።

ክረምት ገብቶ የደቻቱ ወንዝ ጎርፉን ሲያወርድ፣ አባዬ ወደ ዋሂል ሸቀጥ በሚያመላልስ መኪና ላይ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ተቀጠረ፤ በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ወገቡ። እማዬ ቱታውን ቀድዳ ወለል መወልወያ አደረገችው።

ዛሬ እኔ ቢሮ ተቀምጬ የአንድ ፋብሪካ ደብዳቤዎችን በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ያ ቃልም ይመጣል፤ አሳምሬ እጽፈዋለሁ፣ ቦታውንም አልስትም። ጽፌ ስጨርስ ደብዳቤው የሚደርሰውን ሰው አጠገቤ አስቀምጬ በሚገባው ቋንቋ እኔው እነግረዋለሁ፤ አለቃዬ ጊዜ ታባክኛለሽ ይለኛል፣ ይበል።

ባለፈው አርብ አባዬን ልጠይቀው ሄጄ ነበር። አርጅቷል። አዲስ መድኃኒት ታዞለት ብልቃጡን ወደ ብርሃኑ አቅርቦ፣ ደግሞ አርቆ ያገላብጠዋል። «ስጠኝ አባዬ፣ ላንብብልህ» አልኩት። «ተይው ልጄ፣ አትድከሚ» አለኝና ከዘራውን አንስቶ፣ በዚያ ፀሐይ መንገዱን ቀስ ብሎ ተሻግሮ፣ ሱቅ ውስጥ የምትሸጠውን ልጅ አስነበባት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እስኪመለስ ጠበቅሁት።